በር የሌለው ጓጉንቸር

የተቀመጣችሁበትን አጎዛ እስቲ አንሡትና ገልብጡት፤ ጸጉሩ ወደ ታች፣ ቆዳው ወደ ላይ ይሁን። መዳፋችሁን ከመሐል ጀምራችሁ ወደ ዳር ውሰዱት፤ የበጉ ብብት፣ ብሽሽትና የላቱ ሥር ወደነበረበት። መሐሉ ልስልስ ነው። ዳሩ ላይ ግን አንዳንዱ አጎዛ ጣት የሚያቆም ነገር አለው፤ ምስር ወይም ባቄላ የሚያህል ደረቅ ነጥብ። አሁን በጸጉሩ በኩል መልሱትና እዚያው ቦታ ላይ ጸጉሩን ፈልቀቅ አድርጉ። ነጥቡ መላጣ ነው፤ ዳርዳሩ ኮከብ ቢጤ ሆኖ የተጨማደደ።

መላጣ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። እሾህ የጫረው ረጅምና ቀጭን ነው። ቅማልና ሌላው የበግ ተባይ ያስቆጣው፣ የቆዳ ፋብሪካ ሰዎች «እከክ» እያሉ የሚያማርሩበት፣ በቆዳው ሁሉ ላይ የተበተነ ጥቃቅን ነጠብጣብ ነው። ክብና ወፍራም ሆኖ ጸጉር በሚሳሳበት አካባቢ ከተሰበሰበ ግን፣ ያ በግ በዘመኑ የበግ ፈንጣጣ ይዞት ነበር ማለት ሊሆን ይችላል። ይዞትም ድኗል፤ የሞተ በግ ቁስሉ እንጂ ጠባሳው አይገኝም።

መንዝ ውስጥ የበግ እጅ የሌለበት ነገር መፈለግ ይከብዳል። ሌሊት የሚለበሰው ባና፣ ቀን ትከሻ ላይ የሚጣለው በርኖስ፣ እንግዳ የሚቀመጥበት አጎዛ፣ ለልጅ ደብተርና ልብስ ሲባል ገበያ የሚወጣው ጠቦት፣ ሁሉም ከዚያች አጭር ላት ካላት፣ ብርድ ከማይበግራት የመንዝ በግ ነው። ከሞላሌ መሐል ሜዳ፣ ከዚያም ወዲያ እስከ ግሼ ራቤል ብትሄዱ ነገሩ አይለወጥም። ወደ መርሐቤቴ ወረድ ስትሉ ፍየሉ ይበዛል፤ ፍየልም የራሷ ፈንጣጣ አላት።

ጠባሳውን ያየ ሰው «ቫይረሱ ቆዳውን በላው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ያ ግማሹ ታሪክ ነው። ቫይረሱ የገባባቸው ሕዋሶች ዝም ብለው አይበሉም፤ ለጎረቤት የማስጠንቀቂያ መልእክት የሚሆን ፕሮቲን ወደ ውጭ ይለቃሉ። ቫይረሱ በበኩሉ በዚያው ሕዋስ እጅ ሌላ ፕሮቲን አሠርቶ ያስለቅቃል፤ መልእክቱን መንገድ ላይ የሚያስቀር። ጣታችሁን ያቆመው ነጥብ የዚህ ትግል ምልክት ነው። ከትግሉም ብዙው የተካሄደው ሕዋሱ ውስጥ ሳይሆን በሕዋስና በሕዋስ መካከል ባለው ቀጭን ፈሳሽ ውስጥ ነው።

«ፈሳሽ ውስጥ ያለ ፕሮቲን» ሲባል ዓይን ላይ አይመጣም። እንግዲያው እናምጣው።

አንድ እንቁላል ስበሩ። (ጾም ከሆነ እስኪፈታ ጠብቁ፤ ሙከራው አያረጅም።) ከነጩ አንድ የሾርባ ማንኪያ ወስዳችሁ ጨው ቆንጠር በተደረገበት አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ቀስ ብላችሁ በጥብጡ። በንጹሕ ጨርቅ አጥሉት። ጨርቁ ላይ ጭረት ጭረት የሚል ነገር ይቀራል፤ የወረደው ውሃ ግን ጠራ ያለ ነው፤ ለማያውቅ ሰው ብትሰጡት ውሃ ነው ይላችኋል። አሁን በትንሽ ድስት አድርጋችሁ አሙቁት። ገና ሳይፈላ መንጣት ይጀምራል።

ነጩ ነገር ከየትም አልመጣም፤ ከመጀመሪያውም እዚያው ነበረ። ፕሮቲን በውሃ ሟምቶ፣ በጨርቅ አልፎ፣ ለዓይን ሳይታይ ይቀመጣል፤ እሳት ሲያገኘው ነው ተጨማድዶ የሚገለጠው። በታመመች በግ ቆዳ ውስጥ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ የሚመላለሰው ነገርም እንዲሁ የማይታይ ነው፤ መጠኑ ደግሞ ከእንቁላሉ ነጭ እጅግ በጣም ያነሰ።

ታዲያ የማይታየውን ማን አየው? ነገሩን ከቀደሙት መካከል ሁለት ጃፓናውያን ነበሩ፤ ያሱኢቺ ናጋኖና ያሱሂኮ ኮጂማ። (የውጭውን ዘመን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የአገራችንን በእኛው እጽፈዋለሁ።) በ1954 ባወጡት ሥራ የተጠቀሙበት ቫይረስ ለሰው የፈንጣጣ ክትባት የሚያገለግለው ቫክሲኒያ ነው፤ የበግ ፈንጣጣ ዘመድ። ቫይረሱን በጨረር ገድለው ጥንቸል ቆዳ ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ቆዳውን ፈጭተው፣ ቫይረሱ ወደ ታች እስኪዘቅጥ በኃይለኛ ማሽን አሽከርክረው፣ ከላይ የቀረውን ፈሳሽ ወሰዱ። ያ ፈሳሽ በሌላ ጥንቸል ቆዳ ላይ ሕያው ቫይረስ እንዳይራባ አገደ። ቫይረስ የሌለበት ውሃ ቫይረስን ከለከለ ማለት ነው።

ጽሑፋቸው በፈረንሳይኛ ወጥቶ ብዙ አንባቢ አላገኘም። ከ3 ዓመት በኋላ ለንደን ውስጥ አሊክ አይዛክስና ስዊዘርላንዳዊው ዣን ሊንደንማን ተመሳሳይ ነገር በእንቁላል ላይ አገኙና ኢንተርፌሮን አሉት። ዝናው ወደ እነሱ ሄደ። እኔ በበኩሌ የጃፓኖቹ ነገር ያሳዝነኛል።

የለንደኖቹን መሣሪያ ደግሞ እናንተም ቤት ታገኙታላችሁ። የታቀፈች ዶሮ ካለች፣ ከታቀፈች ወደ 10 ቀን ሲሆናት፣ ማታ ከቤቱ ጨለማ ጥግ አንድ እንቁላል ከሥሯ አውጡ። የእጅ ባትሪ ከወፍራሙ ጫፍ ሥር አስጠግታችሁ አብሩበት። ሽሉ ካለ ቅርፊቱ ሥር ቅርንጫፍ እያወጣ የሚሄድ ቀይ የደም ሥር ታያላችሁ። እነዚያ ሥሮች የተዘረጉበት ስስ ሽፋን ነው አይዛክስና ሊንደንማን ቆራርጠው ለሙከራ የተጠቀሙበት። የፈንጣጣ ወገን ቫይረሶችም ለብዙ ዓመታት ቤተ ሙከራ ውስጥ ያደጉት በዚሁ ሽፋን ላይ ነው፤ ያረፉበት ቦታ ሁሉ ነጭ ነጥብ ይወጣል። እንቁላሉን ሳይቀዘቅዝ ለዶሮዋ መልሱላት።

ኢንተርፌሮን ምን ይሠራል? ራሱ ቫይረስ አይገድልም። ሥራው ማስጠንቀቅ ነው። በቫይረስ የተያዘ ሕዋስ ይለቀዋል፤ ጎረቤቱ ሲደርሰው ብዙ መቶ የሚሆኑ መመሪያዎቹን ይከፍታል። ከእነዚያ አንዱ ቫይረስ ገባ የሚል ምልክት ሲታይ የፕሮቲን ማምረቻውን ሁሉ የሚያቆም ነው፤ ሌላው የቫይረሱን መልእክት የሚበጣጥስ። ቫይረስ ራሱን ማባዛት የሚችለው የሰው ቤት ማምረቻ ተጠቅሞ ስለሆነ፣ ማምረቻው ከቆመ ገብቶም ምንም አያገኝም።

ዋጋም ያስከፍላል። ጉንፋን ሲይዛችሁ አጥንት የሚያስቆረጥመው፣ የምግብ ፍላጎት የሚዘጋው፣ ብርድ ብርድ የሚያሰኘው አብዛኛው ነገር የቫይረሱ ሳይሆን የራሳችሁ ፕሮቲኖች ሥራ ነው። ኢንተርፌሮን በመድኃኒትነት በመርፌ የሚወስድ ሰው ምንም ቫይረስ ሳይገባበት እንዲሁ ይቆረጥመዋል። ፈንጣጣ የያዛት በግ አንገቷን ደፍታ፣ ጆሮዋን ጥላ፣ ሣር አልቀምስ ስትልም ከፊሉ የራሷ ሰውነት ያዘዘው ዕረፍት ነው።

መልእክቱ እንዴት እንደሚደርስ ለማየት ከበራችሁ ላይ ጓጉንቸሩን አውርዱ።

ቁልፉን ከትታችሁ አዙሩና ክፈቱት። አሁን እንደተከፈተ ቁልፉን ለማውጣት ሞክሩ። ብዙው ጓጉንቸር እምቢ ይላል፤ መልሳችሁ ካልቆለፋችሁት ቁልፉን አይለቅም። ልብ በሉት፣ ይህች እምቢታ ኋላ ትፈለጋለች።

ኢንተርፌሮን ቁልፍ ነው። በጎረቤት ሕዋስ ገጽ ላይ ጓጉንቸሩ ተንጠልጥሏል፤ ባለሙያዎቹ ተቀባይ ይሉታል፤ እሱም ፕሮቲን ነው። ግማሹ ከሕዋሱ ውጭ፣ ግማሹ ውስጥ ሆኖ፣ መሐሉ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። ቁልፉ ከውጭ ሲገባ ውስጥ ያለው ግማሽ ይንቀሳቀሳል፤ ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ያን ጊዜ ይሰማል። ቁልፉ ራሱ ደጅ ቀርቶ መልእክቱ ገባ።

አሁን ቫይረሱ ይግባ።

የፈንጣጣ ወገን ቫይረሶች ከቫይረስ ሁሉ ግዙፎች ከሚባሉት ናቸው። ግዙፍ ስል ግን በአንድ ሚሊሜትር ላይ ከ3,000 በላይ ተሰልፈው ይቆማሉ። የበግ ፈንጣጣ ቫይረስ መመሪያ በ2002 ሙሉ በሙሉ ሲነበብ ወደ 150,000 ፊደል ርዝመት ሆኖ 147 ያህል ጂኖች ተቆጠሩበት። የኤችአይቪ 9 ብቻ ናቸው። ይህ ሁሉ መመሪያ ለምን? ራሱን ለማባዛት ከዚያ ባነሰ ይበቃው ነበር። የተረፈው በአብዛኛው የእንስሳውን መከላከያ ለማታለያ የተያዘ ነው።

ቫይረሱ ሕዋሱ ውስጥ በገባ በደቂቃዎች ውስጥ የመጀመሪያ ትእዛዞቹን ያወጣል። ከእነዚያ አንዳንዶቹ «ጓጉንቸር ሥሩ» የሚሉ ናቸው። ለኢንተርፌሮን ቁልፍ ልክ የሚሆን ጓጉንቸር፤ ግን ግድግዳ ላይ የሚሰካበት ክፍል የተቆረጠ፣ ውስጥ የሚገባው ግማሽ የሌለው። በር የለውም። ተሠርቶ ወደ ውጭ ይለቀቅና በፈሳሹ ውስጥ ይንሳፈፋል። ከታመመው ሕዋስ የወጣው ቁልፍ ጎረቤት ሳይደርስ እዚህ ውስጥ ይገባል፣ ይዞራል፣ ይጣበቃል። እምቢታውን አስታውሱ፤ አይለቅም። የሚሰማ ቤት ግን የለም።

ሕዋሱ ይህን ሐሰተኛ ዕቃ ከደጁ ለምን ያስወጣዋል? ሕዋስ ወደ ውጭ የሚልከው አብዛኛው ፕሮቲን ከፊቱ አጭር የመውጫ ምልክት አለው፤ 20 ገደማ አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን ጡብ) የሚረዝም። ምልክቱ የታየ ያልፋል፤ መንገድ ላይም ምልክቱ ተቆርጦ ይጣላል። ይህን የአወጣጥ ሥርዓት ያገኘው ጉንተር ብሎበል በ1999 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። የቫይረሱ ጓጉንቸርም ያንኑ ምልክት ለብሶ ይመጣል። በረኛው የሚያየው ምልክቱን እንጂ ባለቤቱን አይደለም፤ ኢንተርፌሮኑንም፣ የኢንተርፌሮኑን ወጥመድም በአንድ በር ያሳልፋቸዋል። ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል ማለት እንዲህ ነው።

የጓጉንቸሩን ልክ ከየት አገኘው? ከእንስሳው የሰረቀው ይመስላል። ብዙዎቹ እነዚህ ፕሮቲኖች ከእንስሳው እውነተኛ ተቀባይ ጋር ፊደል በፊደል ሲነጻጸሩ መመሳሰላቸው በአጋጣሚ የሚሆን አይደለም። በረጅሙ ዘመን የአንዱ ቫይረስ አያት የእንስሳውን መመሪያ ቁራጭ ይዞ ወጣ፤ ግድግዳ ላይ የሚሰካው ክፍል የጎደለው ትውልድ በተገኘ ጊዜ ደግሞ ዕቃው ወጥመድ ሆነ። የጎደለው ነገር ነው ጥቅም ያመጣለት።

ከእነዚህ ጓጉንቸሮች አንዳንዱ ጥብቅ ነው፤ አንዳንዱ ልል። ጥንቸልን የሚፈጀው የሚክሶማ ቫይረስ የሚለቀው አንድ ወጥመድ አለ፤ በ1992 ነው የተገለጠው። ጋማ የሚባለውን የኢንተርፌሮን ዓይነት ይይዛል፤ የጥንቸሉን ብቻ። የሌላ እንስሳ ቁልፍ ብትሰጡት አይገባም። ከቫክሲኒያ ወጥመዶች አንዱ ግን የሰውንም፣ የጥንቸልንም፣ የከብትንም ኢንተርፌሮን ይይዛል። የጠፋው የሰው ፈንጣጣ ቫይረስም የዚህ ዓይነት ነበረው። የበግ ፈንጣጣ መመሪያ ውስጥም የኢንተርፌሮን ወጥመዶችን የሚመስሉ ተገኝተዋል፤ ኢንተርሉኪን-18 ለሚባል ሌላ የማንቂያ ፕሮቲን የሚሆን ወጥመድም አለ። ጓጉንቸር ብቻውን ማን ማንን እንደሚያሳምም አይወስንም፤ ሌላም ብዙ ነገር አለ። ያም ሆኖ የበግ ፈንጣጣ ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በዚህ እንቅልፋችሁን አትጡ።

የከብትን ነገር ካነሣን ደግሞ አንድ የሚገርም አለ። ከብትን ጉብ ጉብ የሚያደርገው የጉርብርብ በሽታ ቫይረስ ከበጉ ጋር የአንድ እናት ልጅ ነው፤ ከመቶ ፊደል 97 ያህሉ አንድ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1983፣ ከጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ ነው። የጉርብርቡ ቫይረስ ትኩሳት ለሚያመጣው ኢንተርሉኪን-1 የሚሆን ጓጉንቸር የሚመስል መመሪያ አለው። በበጉና በፍየሉ ቫይረስ ውስጥ ግን ያው መመሪያ ተሰብሯል፤ ፊደሉ አለ፣ ዕቃው አይሠራም።

በአይጥ የተሞከረውን ያወቀ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል። ኢንተርሉኪን-1 የሚያስቀር ወጥመድ ያለው የቫክሲኒያ ዝርያ አይጥን ትኩሳት አያስይዛትም፤ ወጥመዱ ሲወሰድበት ትኩሳቱ ይመጣል። «እንግዲያው በግ የሚያተኩሳት ለዚህ ነው» ማለት ያምራል። ችግሩ ጉርብርብ የያዛት ላምም እንደ እሳት ትግላለች። አንድ ጓጉንቸር ቆጥሮ የበሽታን ጠባይ መተንበይ አይሆንም።

ወደ አጎዛው ነጥብ እንመለስ። ለምን ጠነከረ? ለምን ጎደጎደ ብቻ አልሆነም?

ምክንያቱም ቫይረሱ ጓጉንቸር ብቻ አይሠራም፤ ቁልፍም ያስመስላል። በ1985 ከቫክሲኒያ የተገኘ አንድ ፕሮቲን አለ፤ የእንስሳው ሰውነት ቁስል ሲሽር «ተባዙ» ብሎ ለቆዳ ሕዋሶች የሚልከውን ቁልፍ ይመስላል። ከታመመው ሕዋስ ወጥቶ ገና ያልታመመው ጎረቤት ጓጉንቸር ውስጥ ገብቶ ይዞራል። ጎረቤት ሕዋሶች ትእዛዝ መጣ ብለው ይባዛሉ፤ ንቁ ሕዋስ ደግሞ ለቫይረስ የተሰናዳ ማረፊያ ነው። የበጉና የከብቱ ቫይረሶችም ይህን የሚመስል መመሪያ ይዘዋል። መጀመሪያ ቀይ ነጥብ የነበረው ወደ ጉብታ የሚለወጠው፣ ቆዳው የሚወፍረው ከፊሉ በዚህ ነው። ከዚያ ጉብታው ይሞታል፣ ቅርፊት ይይዛል፣ ቅርፊቱ ይወድቃል፤ ሥሩ ድረስ ስለተበላ የጸጉር ማብቀያው አብሮ ይሄዳል። ለዚህ ነው መላጣ የሚሆነው።

እግረ መንገዴን፦ ግልገል አፉ ዙሪያ ቅርፊት ሲያወጣ በባዶ እጅ አትንኩት። ያ ብዙ ጊዜ ሌላ የዚህ ወገን ቫይረስ ነው፤ ከበግ ፈንጣጣ ይለያል፤ ሰው ጣት ላይም ይወጣል። የእሱ አስመሳይ ቁልፍ የደም ሥር እንዲበቅል የሚያዝ ነው፤ በ1994 ነው የታወቀው። ቁስሉ ሲነካ ቶሎ የሚደማው ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህ ሁሉ ተንኮል እያለ በግ እንዴት ትድናለች? ወጥመድ ጊዜ ይገዛል እንጂ ጦርነቱን አያሸንፍም። በቀናት ውስጥ ያንን ቫይረስ ብቻ የሚያውቁ ነጭ የደም ሕዋሶችና ፀረ እንግዳ አካላት ይደራጃሉ። ለትልቅ በግ ጊዜው ይበቃል። ለግልገል ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ በተለይ ቁስሉ ሳንባ ውስጥ ከወጣ። ያገገመች በግ ዳግመኛ አይዛትም ማለት ይቻላል።

ክትባት የሚያደርገውም ይህንኑ መቅደም ነው። የበግና የፍየል ፈንጣጣ ክትባት የሚመረተው እዚሁ አገር፣ ቢሾፍቱ ባለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም ነው። ክትባቱ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነው። በጓ ቀድማ በደካማው ትለማመዳለች፤ እውነተኛው ሲመጣ ወጥመዱን እስኪዘረጋ የሚጠብቅ አያገኝም።

ስለዚህ ክትባት ልነግራችሁ የምወደው አንድ ነገር አለ። ለብዙ ዓመታት የተሠራበት ቫይረስ ኬንያ ውስጥ ከበግ የተገኘ ነበርና የበግ ቫይረስ ነው ተብሎ ታምኖ ነበር። ኋላ ፊደሉ ሲነበብ የከብቱ፣ የጉርብርቡ ሆኖ ተገኘ። በጎቹ ግን በእሱ ይጠበቃሉ፤ ወንድማማቾቹ ቫይረሶች እጅግ ስለሚመሳሰሉ አንዱን ያወቀ ሰውነት ሌላውንም ያውቃል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2015 የቢሾፍቱ ተመራማሪዎች ጭምር ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ክትባቱ መስክ ላይ ካሉት ቫይረሶች በጂኑ እንደሚለይ አሳይቶ፣ ተከትበው የሚታመሙ እንስሳት ነገር ከዚህ ጋር ሊያያዝ እንደሚችል ጠቁሟል። ክትባት መቶ በመቶ ነው ብሎ የሚምል ሰው ካጋጠማችሁ ይህን ንገሩት። ከዚያ ግን በጋችሁን አስከትቡ።

ከቤታችሁ ሳትወጡ የምታዩት ሌላም የዚህ ወገን ምልክት አለ። ከ1970 ዓ.ም. በፊት የተወለዱ አያት ካሏችሁ ፈቃድ ጠይቁና እጅጌያቸውን ሰብስባችሁ ክንዳቸውን እዩ። ሰፋ፣ ጎድጎድ ያለ፣ ከመሐሉ መስመር የሚወጣበት ጠባሳ ካገኛችሁ የፈንጣጣ ክትባት ሳይሆን አይቀርም፤ የወጣቱ ክንድ ላይ ያለው ትንሹ የቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ ክትባት) ነው። በአያት ክንድ ላይ ያረፈው ቫይረስ ናጋኖና ኮጂማ ጥንቸል ላይ የሞከሩት ያው ቫክሲኒያ ነው። ክትባቱም በፋብሪካ ጠርሙስ ሳይሆን በአብዛኛው በጥጃና በበግ ቆዳ ላይ ነበር የሚራባው።

አያቶች ፈንጣጣን በስሙ አይቀልዱበትም፤ ያየ ያውቀዋል። በደጋው አገር ከታመመ ሰው ቁስል ወስዶ ጤነኛ ክንድ መጫር የቆየ ልማድ ነበር፤ የማጥፋት ዘመቻው በ1963 ዓ.ም. ጥር ሲጀመርም ገና አልቀረም። የኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመምተኛ የተመዘገበው ነሐሴ 3 ቀን 1968 ዓ.ም.፣ በምሥራቁ ቆላ ዲሞ በምትባል መንደር ነው። በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ የተያዘው የመጨረሻው ሰው ከዓመት ጥቂት ዘግይቶ ሶማሊያ ውስጥ ተገኘ። ያ ቫይረስ ከሰው በስተቀር የሚኖርበት እንስሳ ስላልነበረው መጥፋት ቻለ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ሞያሌ ላይ የተረጋገጠው የፈንጣጣ ዘመድ፣ ኤምፖክስ፣ ግን የዱር እንስሳት ማረፊያ አለው፤ እሱን ነቅሎ ማጥፋት ከባድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

በር የሌለው ጓጉንቸር ዛሬ በሰው እጅም ይሠራል። መገጣጠሚያ የሚያሳብጥ የሩማቶይድ ሕመም ላለባቸው ሰዎች በ1998 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ኤታነርሴፕት የሚባለው መድኃኒት ልክ ይህ ነው፤ ከግድግዳው የተነቀለ የሰው ተቀባይ፣ በደም ውስጥ እየተንሳፈፈ እብጠት የሚያመጣውን ቁልፍ የሚይዝ። ከቫይረስ አልተወሰደም፤ ዘዴው ግን ቫይረሶቹ ከእኛ ብዙ ቀድመው የሚጠቀሙበት ነበር። የቫክሲኒያው የኢንተርፌሮን ወጥመድ ራሱ ደግሞ በብልቃጥ ይሸጣል፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሕዋስ ላይ መልእክተኛ አርኤንኤ ሲጨመር ሕዋሱ «ቫይረስ መጣ» ብሎ እንዳይደናገጥ ያደርጉበታል።

በሚቀጥለው ገበያ መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ በግ ልትገዙ ስትወጡ እንደ ልማዳችሁ ወገቧን ዳብሱ፣ ጥርሷንም እዩ። ከዚያ ላቷን ወደ ላይ አንሥታችሁ ሥሩን ተመልከቱ፤ ብብቷንም፣ የጡቷን ዙሪያም። ደረቅ ኮከብ ቢጤ መላጣ ካለ አልፎላታል፤ ዋጋ ለማስቀነስ ምክንያት አይሁናችሁ፣ እንዲያውም ለእናንተ መንጋ የተሻለች ናት። ቀይ ነጥብ ወይም እርጥብ ጉብታ ካለ፣ ዓይኗና አፍንጫዋም የሚያፈስ ከሆነ፣ አትግዟት፤ ባለቤቷንም የእንስሳት ሐኪም ዘንድ እንዲወስዳት ንገሩት። የገዛችኋትንም ጤነኛ ብትመስል ወዲያው ከሌሎቹ ጋር አታሳድሯት። ቫይረሱ ነጥብ ሳያወጣ ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 13 ቀን፣ አንዳንዴም እስከ 3 ሳምንት ስለሚቆይ፣ ያን ያህል ጊዜ ለብቻዋ ትቆይ።